አዲሱ መምህር አልሰነፈም፣ ብቻውን ተትቷል

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር አንድ ክስ እንሰማለን፦ «የዛሬ አስተማሪ አያስተምርም።» በ2014 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያስደነግጣል። ግን ጣት ከመቀሰራችን በፊት እስኪ አንድ ክፍል ገብተን እንይ።

ጓደኛዬ ድሬዳዋ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ማስተማር የጀመረው በቅርቡ ነው። በከተማዋ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ይሰጣል። በሦስቱም የተማሩት ልጆች 9ኛ ክፍል ላይ አንድ ክፍል ውስጥ ይገናኛሉ። እዚያ የሚጠብቃቸው ግን እንግሊዝኛ ነው።

መጀመሪያ ደንቡ እንደሚለው በእንግሊዝኛ አስተማረ። ክፍሉ ዝም አለ። ጨነቀውና ወደ አማርኛ ዞረ። የግማሾቹ ፊት በራ፤ የቀሩት አንገታቸውን እንደደፉ ቀሩ። አንዲት ልጅ ከጎኗ ላሉት ስታንሾካሹክ ሰምቶ ተቆጣት። ለካ ትምህርቱን በሶማሊኛ እየተረጎመችላቸው ነበር! «ያን ቀን ከእኔ ይልቅ ያስተማረችው እሷ ናት» አለኝ።

«ድሮውንም ሁሉም በአንድ ቋንቋ ቢማር ይሄ አይመጣም ነበር» የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። አልስማማም። ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው መማሩ መብቱ ነው፣ ይጠቅመዋልም። ጥፋቱ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ የሚያሻግር ድልድይ ሳንሠራ ልጆቹን ወንዙ ውስጥ መክተታችን ነው።

መምህሩንም እንደዚያው። ወረቀት ላይማ ሁሉም አለ፤ አዲስ መምህር ለሁለት ዓመት በነባር መምህር እየታገዘ ይለማመዳል ይላል። ጓደኛዬ ግን የተሰጠው ጠመኔ፣ መጽሐፍና የክፍለ ጊዜ ድልድል ነው። አማካሪ የተባለው መምህር አንድም ቀን ክፍሉ አልገባም። በእሱም አልፈርድም፤ የራሱ ክፍለ ጊዜ ከጠዋት እስከ ማታ ነው። ቅጹ ግን ተሞልቶ፣ ተፈርሞ ፋይል ውስጥ ገብቷል።

ስለዚህ ጥያቄው ቀላል ነው። 9ኛ ክፍል ከመጀመሩ በፊት ለልጆቹ የእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ ይሰጥ። የአማካሪ መምህሩ ክፍለ ጊዜ ይቀነስለትና ክፍል ገብቶ ያግዝ። በኮሌጅም ቢሆን እጩ መምህር ቋንቋው የተለያየ ክፍልን እንዴት እንደሚያስተምር ይሠልጥን።

ይህን ሳናደርግ አስተማሪውን መስደብ ነውር ነው። እኛ የተውነውን ሥራ ዛሬ በሹክሹክታ እየሠራች ያለችው አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ ናት።