የጠፋችው «አ»

በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት የምትነገር አንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር አለች፤ «ፋይሉ ጠፍቷል።» ተናጋሪው አያፍርባትም፤ ሰሚውም አይቆጣም። ዝናብ ዘነበ፣ ፀሐይ ጠለቀች እንደማለት ሆናለች።

እኔ ደግሞ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ግሱን እስቲ ልመርምረው። «ጠፋ» አድራጊ የለውም። በግ ይጠፋል፤ መብራት ይጠፋል። «አጠፋ» ሲባል ግን ከኋላው ሰው ብቅ ይላል፤ «ማን?» የሚል ጥያቄም ይከተላል። በሁለቱ መካከል ያለችው ልዩነት አንዲት «አ» ናት። ቢሯችን ያቺን «አ» ውጦ ቁጭ ብሏል።

በቅርቡ እዚሁ ደብረ ማርቆስ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት፣ ከገጠር የመጡ አንድ አዛውንት ከፊቴ ተሰልፈው ነበር። ወጣቱ ሠራተኛ፣ «አባቴ፣ መረጃዎ ከሲስተሙ ላይ ጠፍቷል» አላቸው። «ልጄ፣ ይኼ ሲስተሙ የምትለው ሰውዬ የትኛው ክፍል ነው? እሱኑ ልጠይቀው» አሉት። ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ። እውነቱ ግን ከሳቂዎቹ ይልቅ ከአዛውንቱ ጋር ነበር።

ለምን ቢሉ፣ ኮምፒዩተር ውስጥ ፋይል እንዴት እንደሚደመሰስ እንይ። ተራ ፕሮግራም ዲስኩን እንዳሻው አይነካም። ቁልፉ ያለው በኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ባለሙያዎቹ ከርነል በሚሉት ክፍል እጅ ነው። ፕሮግራሙ ፋይል ማስወገድ ሲፈልግ ከርነሉን ይጠራል። ይህ ጥሪ ሲስተም ኮል ይባላል። በዩኒክስ ስሙ «አንሊንክ» ነው፤ ማያያዣውን ፍታ እንደማለት። እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው የመጀመሪያው የዩኒክስ መመሪያ ውስጥ ይገኛል፤ ዛሬም ሊኑክስ ይሠራበታል። ጥሪው ሲደርሰው ከርነሉ አስቀድሞ የሚያጣራው ነገር አለ፤ ጠሪው ማን ነው? ፈቃድስ አለው? ከሌለው «አይፈቀድም» ብሎ ይመልሰዋል። እንግዲህ አዛውንቱና ከርነሉ የጠየቁት አንድ ጥያቄ ነው ማለት ነው። ማሽኑ «ማን?» ሳይል አይደመስስም። «ማን?» ማለት የተውነው እኛ ነን።

ሁለተኛው ነገር ደግሞ ይብሳል። ጥሪው የሚፍቀው ስምን ነው። ከማውጫው ላይ ስሙ ይነሣል፤ ፋይሉ ሌላ ስም ከሌለው፣ ከፍቶ የያዘው ፕሮግራምም ከሌለ፣ ቦታው «ባዶ» ተብሎ ይመዘገባል። ጽሑፉ ግን በተለመደው ሀርድ ዲስክ ላይ ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ተኝቷል። አዲሶቹ ኤስኤስዲዎች የተለቀቀውን ቦታ ቶሎ ሊያጸዱት ይችላሉ። ሪሳይክል ቢን ውስጥ የተጣለውማ ጭራሽ አልተደመሰሰም፤ ቦታ ቀየረ እንጂ። የብራና መጻሕፍታችንን ያገላበጠ ሰው ይህ አይገርመውም። ያስጻፈው ሰው ስም ተፍቆ የኋለኛው ባለቤት ስም የገባበት ስንት ብራና አለ! ፋቂው ስሙን ፋቀ፤ መጽሐፉ ግን አለ።

ስለዚህ «ጠፋ» ሁለት ጊዜ ውሸት ነው። አንድም አድራጊ አለው፤ አንድም ብዙ ጊዜ አልጠፋም። ወዲያው ማሽኑ ቆሞ ባለሙያ ቢጠራ ብዙው ሊመለስ ይችል ነበር። እኛ ግን ባለጉዳዩን «ጠፍቷል» ብለን ሸኝተን በዚያው ዲስክ ላይ ፊልም እንጭንበታለን። በሌላ በኩል ደግሞ አሮጌውን ኮምፒዩተር «ደምስሰነዋል» ብለን የሰውን ሁሉ ምሥጢር እንደያዘ እንሸጠዋለን። እ.ኤ.አ. በ2003 ሲምሰን ጋርፊንክልና አቢ ሼላት የተባሉ የኤምአይቲ ተማሪዎች 158 ያገለገሉ ሀርድ ዲስኮች ገዝተው የመረመሩበትን ውጤት አወጡ። ከሚሠሩት 129 ውስጥ በአግባቡ የጸዱት 12 ብቻ ነበሩ። የዱቤ ካርድ ቁጥርና የሕክምና ደብዳቤ ሳይቀር ተገኝቶባቸዋል። አሜሪካ እንዲህ ከሆነ የኛን እናንተው ገምቱት።

«ዲስክ ሲበላሽስ? ቫይረስ ሲገባስ?» የሚሉኝ አይጠፉም። ዲስክ ከተበላሸ «ተበላሸ» በሉን፤ ግልባጩ የት እንዳለም ንገሩን። ቫይረሱም ቢሆን የሚደመስሰው በአንድ ተጠቃሚ ፈቃድ ተጠልሎ ወይም በተከፈተ ቀዳዳ ገብቶ ነው። በሩን ማን ከፈተ?

ነገሩ ቀልድ አይደለም። በ1990ዎቹ አጋማሽ በአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታ ምዝገባ ሲሞከር፣ ከሙከራ ቀበሌዎቹ አንዱ እዚሁ ጎዛምን ወረዳ ነበር። ገበሬው ደብተሩን ተቀበለ፤ መዝገቡም ውሎ አድሮ ወደ ኮምፒዩተር መግባት ጀመረ። ደግ ነገር ነው። ነገር ግን ወሰን ደም በሚያፋስስበት አገር የአንድ ሰው ስም ከማውጫ መፋቅ ምን እንደሚያመጣ ለጎጃም ሰው አይነገርም።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ሥልጣን ዳታ ማጥፋትን ወንጀል አድርጎታል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የሰው መረጃ የያዘ ሁሉ ከመጥፋትና ከመውደም እንዲጠብቀው ያስገድዳል። መሣሪያም አለ። ዊንዶውስም ሊኑክስም ማን ምን እንደደመሰሰ መዝግበው ሊይዙ ይችላሉ፤ ግን ካልታዘዙ አይመዘግቡም። ቢታዘዙስ? አሥር ሠራተኛ በአንድ የይለፍ ቃል እየገባ፣ ቃሉም በወረቀት ተጽፎ ስክሪኑ ጥግ ላይ ተለጥፎ እያለ፣ መዝገቡ የማንን ስም ይጽፋል? አንድ የይለፍ ቃል ለአሥር ሰው መስጠት አጥፊውን አስቀድሞ መደበቅ ነው። ይህን ደግሞ ሲስተሙ አላደረገውም፤ ኃላፊው ነው ያደረገው።

ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ መግቢያ ይሰጠው። የመደምሰስ ፈቃድ ለተወሰነ ሰው ይሁን፤ ጥሪውም ይመዝገብ። ግልባጭ በሌላ ሕንፃ ይቀመጥ። እስከዚያው ግን ባለጉዳይ ሆይ፣ ከመስኮቱ ወዲያ «ፋይልዎ ጠፍቷል» ሲሉህ አንገትህን ደፍተህ አትመለስ። የዋጧትን «አ» መልስላቸውና ጠይቃቸው፤ «ማን አጠፋው?»