ዩኒቨርሲቲው ወደ ሰባተኛ ክፍል ይውረድ

እንደሚታወቀው ስለ ሒሳብና ሳይንስ ትምህርት መዳከም ያልተናገረ የለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው ሲገኙ አገር ደነገጠ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ሆነ። ለመሆኑ ልጁ የወደቀው 12ኛ ክፍል ላይ ነው እንዴ? እኔ እንደሚመስለኝ ሰባተኛ ክፍል ነው፤ ምናልባትም አራተኛ።

ለማስተማር ልምምድ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ተመድቤ ሳለሁ አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ኔጌቲቭ በኔጌቲቭ ሲባዛ ለምንድነው ፖዘቲቭ የሚሆነው?» አለኝ። «ሕጉ ነው» አልኩት። ልጁ ዝም አለ፤ እኔን ግን እስከ ማታ ከነከነኝ። ለካ እኔም «ሕጉ ነው» ተብዬ ነው እዚህ የደረስኩት! በማግስቱ ታክሲ ስንጠብቅ አራት ኪሎ ሒሳብ የሚማር የሰፈሬን ልጅ ጠየቅሁት። «ከሱቅ ዱቤ ወስደህ አታውቅም? ዕዳው ኔጌቲቭ ነው፣ መሰረዙም ኔጌቲቭ። የአምስት ብር ዕዳ ሦስት ጊዜ ከደብተር ቢሰረዝልህ አሥራ አምስት ብር አተረፍክ ማለት አይደል?» አለኝ። ታክሲው ሳይመጣ ገባኝ።

ታዲያ ይህ ልጅና የእኔ ክፍል የሚገናኙት በታክሲ ሰልፍ ዕድል ብቻ መሆን አለበት ወይ?

ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ ወርደው ያገለግሉ ነበር፤ ብዙዎቹም አስተማሩ። ዓመቱ ሲያልቅ ግን ይመለሳሉ። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ ፕላዝማ መጣ። ፕላዝማ «ለምን?» ተብሎ አይጠየቅም። ቆየት ብሎም ባሕር ዳርን የመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች የስቴም ማዕከል ከፍተው የአካባቢውን ተማሪዎች ቤተ ሙከራ አስገቡ። ይህን አልነቅፍም። ሆኖም ግን ተመርጦ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ጎበዙ ልጅ ነው፤ እሱም ወደ ክፍሉ ሲመለስ «ሕጉ ነው» የሚል አስተማሪ ይጠብቀዋል። ያ አስተማሪ ነገ እኔ ነኝ፣ አንተ ነህ፣ አንቺ ነሽ።

ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው መምህሩን ይያዝ ባይ ነኝ። ደግሞስ ምን ሩቅ ነው? ልደታ ያለው የሕንፃ ኮሌጅና ጥቁር አንበሳ ያለው የሕክምና ትምህርት ቤት ሁለቱም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ናቸው፤ ከተክለ ሃይማኖት በእግር ይደረስባቸዋል። ዩኒቨርሲቲና የክፍለ ከተማ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የመግባቢያ ሰነድ ቢፈራረሙ ጥሩ ነው፤ ፊርማ ግን ሒሳብ አያስተምርም። በወር ሁለት ቅዳሜ የዩኒቨርሲቲው መምህርና የሰባተኛ ክፍሉ መምህር ልጆች ያነሱትን ጥያቄ ይዘው አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ። ትምህርቱም በአንድ ወገን አይሁን፤ ፕሮፌሰሩም 60 ልጅ ባለበት ክፍል ይቁምና ይሞክረው!

«መምህሩ ቅዳሜን የሚያውለው በማስጠናት ነው፤ ደመወዙ አያኖረውም» የሚለኝ አለ። እውነት ነው። እንግዲያው የትራንስፖርትና የምሳ ይታሰብለት። ለስብሰባ አበል ሲከፈል አይተን የለም እንዴ?

እስከዚያው ድረስ የሰፈሬን ልጅ ለምኜው እሺ ብሎኛል። ቅዳሜ ጠዋት በ3 ሰዓት ክፍል ቁጥር 8 ይገኛል። መልስ ያጣችሁለትን የተማሪ ጥያቄ ጽፋችሁ ኑ። መመዝገቢያው ወረቀት ከዚህ ጽሑፍ ግርጌ ተሰክቷል፤ ይህን ስጽፍ አራት ስም ነበረበት፣ አንዱ የእኔ ነው።