ቁስሉ ተሰፋ፤ ጣቱስ ዳነ?

ለቡ ውስጥ በየግንባታው፣ በየእንጨትና ብረታ ብረት ቤቱ ግራይንደርና መጋዝ ሲጮህ ይውላል። ጣቱ የተቆረጠ ሠራተኛ ቅርብ ወዳለው ክሊኒክ ይሮጣል፤ ቆዳው ይሰፋል፣ የቴታነስ መርፌ ይወጋል፣ ይመለሳል። ክሩ ሲወጣ «ዳነ» ይባላል። ጣቱ ግን ደንዝዞ ሊቀር ይችላል።

እያንዳንዱ ጣት በግራና በቀኝ ጎኑ ስሜት የሚያደርሱ ነርቮች አሉት። ስለት ከቆረጣቸው፣ ላይ ያለው ቆዳ ቢገጥምም ነርቩ በራሱ በደንብ አይጋጠምም። ሐኪሙ አጉልቶ በሚያሳይ መሣሪያ እያየ፣ ከፀጉር በቀጠነ ክር ጫፍና ጫፉን ማገናኘት አለበት። ከዚያ ነርቩ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ 7 ሴንቲ ሜትር ለመጓዝ ከሁለት ወር በላይ ይፈጅበታል። በአዋቂ ላይ ስሜቱ እንደ ድሮው ሙሉ ላይሆን ይችላል። ቢሆንም ትኩስና ስለት የሚለይ ጣት ከደነዘዘው እጅግ ይሻላል።

«ጣቱ ከታጠፈ ስሜት ምን ያደርጋል?» ለሚል፣ እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተውን የዘነበወርቁን አለርት ማስታወስ ይበቃል። የሥጋ ደዌ ሕክምና ያስተማረው ትልቅ ነገር ይኸው ነው፦ ጣት የሚያልቀው በሽታው ሥጋ እየበላው ሳይሆን ነርቩ ሲጎዳ ሕመም ስለሚጠፋ ነው። ሰውየው የጋለ ድስት ያነሣል፤ መቃጠሉን አያውቅም፤ ቁስሉ ያመረቅዛል። ማሽን ላይ የሚውል የደነዘዘ ጣትም ከዚህ አያመልጥም።

ማይክሮስኮፕና የሠለጠነ ቀዶ ሐኪም በየክሊኒኩ የለም፤ እውነት ነው። ነገር ግን ማደንዘዣ ከመወጋቱ በፊት የጣቱን ጫፍ በሁለቱም ጎን ነካ አድርጎ «ይሰማሃል?» ማለት ገንዘብ አይፈልግም። ካልተሰማው ቁስሉን አጥቦና ሸፍኖ፣ በቀናት ውስጥ የእጅ ወይም የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል መላክ ይቻላል። ወራት ካለፉ ግን የተቆረጡት ጫፎች ይራራቃሉ። ከሌላ የሰውነት ክፍል ነርቭ ወስዶ መቀጠል ሊያስፈልግ ነው። ወጪው ይጨምራል፣ ውጤቱ ይቀንሳል።

ወጪውስ የማን ነው? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የሕክምናና የቀዶ ሕክምና ወጪን በአሠሪው ላይ ጥሏል። ስለዚህ የወርክሾፕ ባለቤት አንድ ቀን አሰፍቶ «አሳክሜዋለሁ» ሊል አይገባም። ጤና ተቋማትም የስሜት ምርመራውን የስፌቱ መጀመሪያ ያድርጉት። ሠራተኛውም ጣቱ ደንዝዞ ሳለ «ትለምደዋለህ» ሲባል ዝም ብሎ ወደ ማሽኑ አይመለስ፤ ሪፈር ይጠይቅ።