ራሱን የተመታ ሰው «ደህና ነኝ» ቢልም ሐኪም ይየው



ዘንድሮ ከሕንፃ እርብራብ ላይ የወደቀ አንድ ልጃችንን ቀብረናል። ወድቆ ሲነሣ «ምንም አልሆንኩም» ብሎን ነበር። እኛም ቁስሉ ላይ ቡና ነስንሰን ወደ ቤቱ ሸኘነው። ተኛ፤ አልነቃም።

ጥፋቱ የሁላችንም ነው። ጭንቅላት ሲመታ የውስጥ ደም ሥር ተበጥሶ ደሙ ከራስ ቅል ሥር ቀስ እያለ ሊጠራቀም ይችላል። ሰውየው ለጥቂት ሰዓት ደህና መስሎ ቆይቶ የሚወድቀው ለዚህ ነው። ይህን በዓይን አይተን አናውቀውም፤ የሚለየው በሲቲ ስካን ነው። በጊዜ ከተደረሰበት ግን ሐኪሞች ደሙን በቀዶ ጥገና ያወጡታል።

ስለዚህ ራሱን የሳተ፣ ያስመለሰው፣ ንግግሩ የተምታታበት፣ ራስ ምታቱ የባሰበት፣ ከጆሮው ደም ወይም ውሃ መሳይ ፈሳሽ የወጣው ሰው ካለ አንገቱን ሳታንቀሳቅሱ፣ ውሃም ሳታጠጡ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ደውሉ። ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልም እዚሁ ክፍለ ከተማችን ነው።

ለድንኳንና ለንፍሮ ስናዋጣ ማንም አይቀድመን። የዕድሩ ገንዘብ ሰው ከሞተ በኋላ ብቻ ለምን ይወጣል? ለአምቡላንስና ለምርመራም ይዋል እንላለን። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ መጥታችሁ እንድትነጋገሩበት እናሳስባለን።

የዕድሩ ጸሐፊ