ገበታ የሚያውቅ ሰው ታይ ቤት ሲገባ ለምን ለየብቻው ያዝዛል?

ትዕይንቱን የሎስ አንጀለስ ሀበሻ ሁሉ ያውቀዋል። አንዱ ተነስቶ ግሩፕ ላይ «ቅዳሜ ታይ ምግብ እንብላ» ብሎ ይለጥፋል። አስራ አራት ሰው «እመጣለሁ» ይላል፣ ዘጠኝ ይመጣል፣ ከዘጠኙ አራቱ አርባ ደቂቃ ያረፍዳሉ። ቤቱ የተመረጠው ኮከብ ስለበዛለትና ፓርኪንግ ስላለው ነው። ሜኑው ሲመጣ አንዱ ፓድ ታይ በዶሮ፣ ሌላው ፓድ ታይ በሽሪምፕ ያዝዛል፤ ሦስተኛዋ ጾመኛ ናትና ፓድ ታይ በቶፉ። ሁሉም የየራሱን ሳህን አቅፎ ይበላል። ሂሳቡ ሲመጣ «ሞቼ እገኛለሁ፣ እኔ ነኝ የምከፍለው» የሚል ግብግብ ይነሳል። አንዱ ያሸንፋል፣ ሌላው ቅር ብሎት ይሄዳል፣ በሚቀጥለው ወር ማንም ማንንም አይጠራም። መኪና ውስጥ ፍርድ ይሰጣል፦ «የታይ ምግብ እኮ ያው አንድ ዓይነት ነው፤ ስኳር የገባበት ፓስታ።»

ያው ሰው በማግስቱ ስልኩን ያነሳና ሌላ ነገር ይጽፋል። «ታይላንድን እዩ! መንግሥታቸው ምግባቸውን ለዓለም ሸጠላቸው። የእኛዎቹ ኤምባሲዎች ግን ተኝተዋል።» ላይክ ይዘንባል።

ሁለቱ ነገሮች የማይገናኙ ይመስላሉ፤ ግን አንድ በሽታ ናቸው። የአንድን አገር ምግብ በሰው አገር የሚያኖረው ገበታው ዙሪያ የሚቀመጠው ሰው መሆኑ ተረስቷል። ቅዳሜ ማታ በአግባቡ መብላት ያቃተው ሰው እሁድ ጠዋት መንግሥትን ይከሳል።

▪️ መንግሥት ያደረገው ምንድን ነው?

እውነቱ ይነገር። የታይላንድ መንግሥት ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2002 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች ናቸው) በጠቅላይ ሚኒስትር ታክሲን ሺናዋትራ ዘመን «ግሎባል ታይ» የተባለ ፕሮግራም ተጀመረ። ያኔ በውጭ አገር 5,500 ያህል የታይ ሬስቶራንቶች ነበሩ፤ በ2018 ቁጥሩ ወደ 15,000 ተጠግቷል። ውጭ ሄዶ ሬስቶራንት መክፈት ለሚፈልግ ዜጋ የመንግሥት ባንኮች ብድር አመቻቹ። የንግድ ሚኒስቴሩ መስፈርቱን ላሟሉ ቤቶች «ታይ ሴሌክት» የሚል ምልክት ይሰጣል። ለሬስቶራንት ከፋቾች የሚሆኑ ሦስት ዓይነት ናሙናዎች ሳይቀሩ ተነድፈው ነበር፦ ፈጣን ምግብ ቤት፣ መካከለኛ ቤትና ውድ ቤት። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል በ2023 እንዳወጣው አሜሪካ ውስጥ ካሉት የእስያ ምግብ ቤቶች 11 በመቶው የታይ ናቸው። ታይላንዳውያን በአሜሪካ ካለው የእስያ ዝርያ ሕዝብ ውስጥ ያላቸው ድርሻ ከዚህ በብዙ ያነሰ ነው።

«መንግሥት ያድርግልን» ባዩ ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል። የቀን መቁጠሪያውን ወደ ኋላ ማገላበጥ አይፈልግም።

የታይላንድ ሰዎች ከ1965ቱ የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ በኋላ ሎስ አንጀለስ መግባት ጀመሩ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በምሥራቅ ሆሊውድ «ባንኮክ ማርኬት» የተባለ ሱቅ ተከፈተ። ያኔ የአገራቸውን ቅመምና ቅጠል ማግኘት ጭንቅ ነበር። ሱቁን የከፈተውም ስደተኛ ነጋዴ ነው። በ1981 አንድ ቤተሰብ ሸርማን ኦክስ ውስጥ «አናጃክ ታይ»ን ከፈተ፤ የባለቤቱ ልጅ በ2023 የጄምስ ቢርድ ሽልማትን በካሊፎርኒያ ምርጥ ሼፍነት ወሰደ። በሆሊውድ ቡሌቫርድ ላይ በዌስተርንና በኖርማንዲ ጎዳናዎች መካከል ያለው ሰፈር በከተማው ምክር ቤት «ታይ ታውን» ተብሎ የተሰየመው በ1999 ነው። ከ«ግሎባል ታይ» ሦስት ዓመት ቀድሞ ማለት ነው።

መንግሥት የመጣው ገበታው ከተዘረጋ በኋላ ነው። መንገድ ጠርጓል፣ ብድር ሰጥቷል፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ሰላሳ ዓመታት ግን ምድጃው ላይ የቆሙት ስደተኞችና ሊበሉ የመጡት እንግዶች ናቸው የተሸከሙት።

▪️ የሜኑው ጀርባ

ስለ በላተኛው ኃይል የሚነግር አንድ ታሪክ አለ። ሰንሴት ቡሌቫርድ ላይ «ጂትላዳ» የሚባል ቤት አለ። በ2000ዎቹ አጋማሽ ከደቡብ ታይላንድ የመጡ እህትና ወንድም ተረከቡት። የፊት ገጹ ማንም የሚያውቀው ሜኑ ነበር፦ ፓድ ታይ፣ አረንጓዴ ካሪ፣ ቶም ያም። ከጀርባ ደግሞ በታይ ፊደል ብቻ የተጻፈ ሌላ ዝርዝር ነበር፤ የደቡቡ ምግብ፣ እንባ የሚያስፈስሰው፣ ባለቤቶቹ ራሳቸው የሚበሉት። እንግዳው አያነበውም፤ ስለዚህ አያዝዘውም።

ያን ዝርዝር ያወጣው ኤምባሲ ወይም ሚኒስቴር አልነበረም። ታይኛ ማንበብ የሚችል አንድ ምግብ ወዳድ ቁጭ ብሎ ተረጎመውና ለሌሎች አካፈለው። ሰዎች በቡድን እየሆኑ ሄደው ያዝዙ ጀመር። የከተማው ታዋቂ የምግብ ሐያሲ ጆናታን ጎልድ ጻፈበት። ቤቱ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ስሙ ከሚጠራ የምግብ ቦታ አንዱ ሆነ። የተደረገው ነገር ሲጠቃለል፣ ጥቂት ሰዎች «ከጀርባ ያለው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ፣ አዘዙ፣ ከፈሉ፣ ተመልሰው መጡ።

ከዚህ ጋር የቅዳሜው ፓድ ታይ ይነጻጸር። ፓድ ታይ መጥፎ ምግብ አይደለም። ነገር ግን ወደ አገራዊ ምግብነት የወጣው በመንግሥት ዘመቻ መሆኑ ሊታወቅ ይገባል። አገሪቱን በ1939 ከሲያም ወደ ታይላንድ ስም የለወጠው የፊልድ ማርሻል ፊቡን መንግሥት ለሕዝቡ አለባበስን፣ ሰላምታን፣ አበላልን ሳይቀር ይደነግግ ነበር። ከቻይና የመጣውን የኑድል አሠራር አገራዊ አድርጎ ማስፋፋቱም የዚያ ዘመቻ አካል ነው። እንግዲህ ዘጠኝ ሰው ዘጠኝ ፓድ ታይ ሲያዝዝ አራት ክፍለ አገር ሙሉ ምግብ ትቶ አንድ መንግሥት የመረጠለትን እየበላ ነው። ከዚያ ተመልሶ «መንግሥት ይምረጥልን» ይላል።

▪️ የሀበሻ እጅ የሚያውቀው ምግብ

የሚያናድደው ደግሞ ይህ ምግብ ለሀበሻ ባዕድ አለመሆኑ ነው። ታይላንዳዊ በየሳህኑ አይበላም። ሩዙ ለየሰው ይቀርባል፣ ወጡ፣ ሰላጣው፣ ጥብሱ ግን መሀል ላይ ሆኖ የጋራ ነው። በሰሜን ምሥራቅ፣ ኢሳን በሚባለው ክፍል፣ የሚያጣብቅ ሩዝ በቀኝ እጅ ይጠቀለልና ከወጡ እየተጠቀሰ ይበላል። እንጀራ የጠቀለለ እጅ ለዚህ ትምህርት አያስፈልገውም። የዚያው አገር ላርብ የተከተፈ ሥጋ በቃሪያ፣ በሎሚና በተቆላ የሩዝ ዱቄት ነው፤ አገር ቤታቸው በጥሬው የሚበላም አለ፤ ክትፎ ወዳድ ይፍረድ። ሶም ታም የተባለው የጥሬ ፓፓያ ሰላጣ በሙቀጫ ይወቀጣል። በሾርባው ውስጥ የሚሸተው ጠጅ ሳር ነው።

ሀበሻው ግን ገብቶ ቾፕስቲክ ይጠይቃል። ታይላንዳዊ ሩዙን የሚበላው በማንኪያ ነው፤ ሹካው ወደ ማንኪያው መግፊያ ነው። ቾፕስቲክ በአብዛኛው ለኑድል ሾርባ ነው የሚወጣው። የገበታ ልጅ በጋራ የሚበላ ሕዝብ ቤት ሄዶ እንደ ብቸኛ ሰው ሲበላ ማየት ያሳዝናል።

▪️ እንዴት ይደራጅ?

ዕቁብና ዕድር የፈጠረ ሕዝብ እራት ማደራጀት አያቅተውም። መላው ከእጁ ነው።

አንደኛ፣ ሰው ይወሰን። ስምንት ይበቃል። ከስምንት በላይ ሲሆን ጠረጴዛው ይከፈላል፣ ወሬውም ይከፈላል። ታይ ታውን ያሉት ብዙዎቹ ቤቶች ጠባብ ናቸውና ቀድሞ ደውሎ መንገር ግዴታ ነው።

ሁለተኛ፣ ቀን ይመረጥ። ቅዳሜ ቤቱም ሰፈሩም ይጨናነቃል። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው። ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ምሽት አስተናጋጁም ለማስረዳት ጊዜ አለው። ፓርኪንግ ሰበብ አይሁን፤ የሆሊውድና ዌስተርን የባቡር ጣቢያ ሰፈሩ ደጃፍ ላይ ነው።

ሦስተኛ፣ ገንዘቡ ቀድሞ ይዋጣ። አንድ ሰብሳቢ ይመረጥ፤ ሁሉም እኩል ይስጥ። በነፍስ ወከፍ 40 ዶላር ቢሆን 320 ዶላር ነው። ወደ 10 በመቶ የሚጠጋው የሽያጭ ግብርና 20 በመቶ ቲፕ ሲነሳ 245 ዶላር ገደማ ለምግብ ይቀራል፤ ለስምንት ዘጠኝ ሳህንና ለሩዙ ይሆናል። «እኔ ልክፈል» የሚለው ግብግብ ቀረ። ግብግቡ ደግነት ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ሁለተኛ ቀጠሮ እንዳይኖር ማድረግ ነው። መክፈል ያልቻለው ያፍራል፣ የከፈለው ይደክመዋል።

አራተኛ፣ አንድ ሰው ለሁሉም ይዘዝ። በየወሩ አዛዡ ይቀያየር። ደንቡ አንድ ነው፦ ማንም ከዚህ በፊት የበላው ነገር ከሁለት ሳህን አይብለጥ። አንድ ወር ኢሳን፣ አንድ ወር ደቡብ፣ አንድ ወር የሰሜኑ ካኦ ሶይ። «ሚጥሚጣ ነው ያሳደገኝ» ብሎ የደቡቡን ኩዋ ክሊንግ በሙሉ ቃጠሎው የሚያዝዝ ጀግና ካለ መጀመሪያ ራሱ ይቅመሰው።

አምስተኛ፣ የጾመኛው ነገር በቁም ነገር ይያዝ። ያቺ ፓድ ታይ በቶፉ ያዘዘች ልጅ ሳታውቀው እንቁላልና የዓሣ ሶስ በልታ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም የምግቡ መደበኛ ክፍሎች ናቸው። «ቬጀቴሪያን» ማለት ብቻውን አያድናትም። ታይላንዳውያን የራሳቸው ጾም አላቸው፤ «ጄ» ይሉታል። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ የዓሣ ሶስ፣ ነጭ ሽንኩርት ሳይቀር የለበትም። ሲደወል «ጄ መሥራት ትችላላችሁ?» ተብሎ ይጠየቅ። ሁዳዴን የሚጾም ሕዝብና «ጄ» የሚል ሕዝብ በአንድ ቃል ይግባባሉ።

▪️ «በመጀመሪያ የራሳችንን»

መልሱ ዝግጁ ነው፦ «የፌርፋክስ ሬስቶራንቶች ጠረጴዛ ባዶ ሆኖ ታይ ታውን ምን ልንሠራ?» ጥያቄው ከልብ የመጣ ነው፤ ሊናቅ አይገባም። ፌርፋክስ ጎዳና «ሊትል ኢትዮጵያ» የተባለው በ2002 ነው፤ «ግሎባል ታይ» በተጀመረበት ዓመት። አንዱ ከመንግሥቱ ብድር አገኘ፣ ሌላው ከዕቁብና ከዘመድ።

ነገር ግን ፌርፋክስን የጎዳው ሀበሻ ታይ መብላቱ አይደለም። እዚያም የሚሆነው ያው ነው። እንግዳው መጥቶ በያይነቱን ያዝዛል፣ ሀበሻው ክትፎና ጥብስ። የትግራዩን ጥህሎ ወይም የሐረሪን ሑልባት መረቅ የጠየቀ ስንት ሰው አለ? ካልተጠየቀ ባለቤቷ ለምን ትሠራለች? የእያንዳንዱ ሜኑ ጀርባ ነጭ ወረቀት የሆነው ጠያቂ ስለጠፋ ነው። ታይ ቤት ሄዶ «ከጀርባ ምን አላችሁ?» ማለት የለመደ ሰው ፌርፋክስም ሲገባ ይጠይቃል።

ዋጋም ላይ እንዲሁ። የስደተኛ ምግብ ርካሽ መሆን አለበት የሚለው እምነት የሚጎዳው ሁለቱንም ሰፈር ነው። በኦገስት 1995 እዚያው ሎስ አንጀለስ አካባቢ፣ ኤል ሞንቴ ውስጥ፣ 72 የታይላንድ ልብስ ሰፊዎች በሽቦ በታጠረ ግቢ ተቆልፎባቸው ሲሠሩ ተገኝተው ነጻ ወጥተዋል። እነሱን ከረዱት አንዱ የሆነው የታይ ማኅበረሰብ የልማት ማዕከል ነው በኋላ ታይ ታውን እንዲሰየም የታገለው፤ ወገኑ የራሱ ገበያ፣ የራሱ ደጅ እንዲኖረው። የስደተኛን ላብ በርካሽ መግዛት የት እንደሚያደርስ የሚያውቅ ሰው ለአንድ ሳህን ወጥ 20 ዶላር «በዛ» ብሎ አይጨቃጨቅም፤ ጣሊያን ቤት ገብቶ ለፓስታ 28 ሲከፍል ካልጮኸ ደግሞ ጭራሽ አፉ ሊከፈት አይገባም።

ኤምባሲው ይንቃ፤ ብድሩም ይምጣ። እስከዚያው ግን ስምንት ሰው፣ አንድ ማክሰኞ፣ አንድ ሰብሳቢ ማግኘት የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግሩፑ ላይ «ታይ እንብላ» የሚል ሲመጣ የመጀመሪያው መልስ «እመጣለሁ» አይሁን። «ማን ነው የሚሰበስበው?» ይሁን።