ፕላዝማን ማሞቅና መግራት

የኑክሌር ውህደት በተነሣ ቁጥር አስቀድሞ የሚወሳው የሙቀቱ መጠን ነው። በእርግጥም ከ100 ሚሊዮን ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሞቀ ፕላዝማ ያስደንቃል። እኛ ግን ፕላዝማን ከማሞቁ ይልቅ መግራቱ ይከብዳል እንላለን።

በቶካማክ ውስጥ ፕላዝማው ሽቅብና ቁልቁል እንዲረዝም ሲደረግ የመሣሪያው ብቃት ይጨምራል። ዳሩ ግን የረዘመ ፕላዝማ ጥቂት ከቦታው ከተንሸራተተ መንሸራተቱ በራሱ እየተባባሰ ይሄዳል። በዙሪያው ያለው የብረት ግድግዳ በውስጡ በሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ጅረት ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። በዚያች የሚሊሰከንዶች ፋታ የመለኪያ መሣሪያዎች ቦታውን ለክተው፣ ኮምፒዩተር አስልቶ፣ የማግኔት ጥቅልሎች ሊመልሱት ይገባል። የግብረ መልስ ቁጥጥር የሚባለው ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2022 በስዊዘርላንድ፣ በሎዛን ከተማ በሚገኘው ቲሲቪ ቶካማክ፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሠለጠነ ተቆጣጣሪ 19 ጥቅልሎችን በሰከንድ 10,000 ጊዜ እያዘዘ ፕላዝማውን መቆጣጠሩ ይፋ ሆነ። ከዚህ በመነሣት «ከእንግዲህ ንድፈ ሐሳቡ ለምን ያስፈልጋል?» የሚሉ አይጠፉም። እኛ በዚህ አንስማማም። ተቆጣጣሪው የሠለጠነው በፊዚክስ እኩልታዎች ላይ በቆመ የኮምፒዩተር አምሳያ ነውና፤ እኩልታዎቹ ባይኖሩ መማሪያም ባልነበረው።

በፈረንሳይ በመገንባት ላይ ባለው ኢተር 15 ሚሊዮን አምፔር ጅረት በፕላዝማው ውስጥ እንዲያልፍ ታቅዷል። ይህን ያህል ኃይል ከቁጥጥር ቢወጣ ግድግዳውን ሊጎዳ ስለሚችል እየሰበሩ መማር አያዋጣም። ስለዚህ የፊዚክስና የቁጥጥር ምህንድስና ተማሪዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሊቀመጡ ይገባል እንላለን።