በፈላ ውሃ ብቻ የሚደርስ ገንፎ ከጓዳችን አለ

በቅርቡ አንዲት እናት የዘጠኝ ወር ልጇን ይዛ ለምርመራ መጣች። ልጁ ትኩሳትም ተቅማጥም የለበትም፤ ሆኖም ክብደቱ ለሁለት ወራት አልጨመረም። ምን እንደምትመግበው ስጠይቃት ከቦርሳዋ የሕፃናት ምግብ ቆርቆሮ አውጥታ በኩራት አሳየችኝ። «ከውጭ የመጣ ነው፤ የፈላ ውሃ ብቻ ነው የሚፈልገው» አለችኝ። ስንት ማንኪያ ለስንት ውሃ እንደምትጠቀም ስጠይቃት ግን አንገቷን ደፋች። ዋጋው ስለከበዳት፣ አንዱ ቆርቆሮ ወሩን እንዲያደርስላት ለአንድ ብርጭቆ ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ብቻ ትበጠብጥ ነበር።

እስቲ እናስላው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት 10 ግራም ያህል ሲሆን፣ የሚሰጠው ኃይል 40 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ሕፃን ከእናቱ ጡት ሌላ በቀን 300 ኪሎ ካሎሪ ያህል ከምግብ ማግኘት አለበት። ሦስት ብርጭቆ ቢጠጣ እንኳ ከሚያስፈልገው ግማሹን አያገኝም። የሕፃን ሆድ ደግሞ ትንሽ ነው፤ አንድ ብርጭቆ ይሞላዋል። ልጁ ጠግቦ ይተኛል፤ ግን አይፋፋም።

ጥፋቱን በእናቲቱ ላይ መጣል ቀላል ነው። ነገር ግን «ከሱቅ የተገዛ ይሻላል» የሚለውን እምነት ያስያዝናት ሁላችንም ነን። ለቁርስ ጊዜ ያጣ ሠራተኛም ሆነ በኪራይ ቤት የሚኖር ተማሪ በፈላ ውሃ የሚበጠበጥ እሽግ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ይዞራል። በእኔ እምነት መፍትሔው ድሮም በእጃችን ነበር። በሶ ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ ነው፤ ገበሬውና መንገደኛው ቋጥሮት የሚሄድ፣ ውሃ ብቻ የሚፈልግ ምግብ።

ቁም ነገሩ መቁላቱ ላይ ነው። በጥሬ ዱቄት ላይ የፈላ ውሃ ማፍሰስ ማብሰል አይደለም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው፤ ኩባያ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ወዲያው ይበርዳል። ስለዚህ ጥሬው ዱቄት በቅጡ አይበስልም፤ ሆድ ይነፋል፤ በውስጡ ያሉ ጀርሞችም ላይሞቱ ይችላሉ። በደንብ የተቆላ እህል ግን ብረት ምጣዱ ላይ በስሎ ነው የሚወርደው።

አዘገጃጀቱ ቀላል ነው። ሦስት እጅ የተፈተገ ገብስ ወይም አጃ፣ አንድ እጅ ሽምብራ ያዙ። ጥራጥሬው የእህሉን ፕሮቲን ያሟላል። በመጀመሪያ የሻገተውንና የጠቆረውን ልቀሙ፤ ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ጉበትን ይጎዳል፤ በመቁላትም አይጠፋም። አጥባችሁ በፀሐይ ካደረቃችሁ በኋላ ገብሱንና ሽምብራውን ለየብቻ ቁሉ፤ የሚበስሉበት ጊዜ ይለያያልና። እሳቱ መካከለኛ ይሁን፤ ሳታቋርጡ አማስሉ፤ ሲቆረጠም እስከ ውስጡ ድረስ ተሰባሪ ሲሆን ሳያርር አውጡት። ሽምብራውን ከክታችሁ ገለባውን አንፍሱ። በደንብ ሲቀዘቅዝ አስፈጩት። ወፍጮው ከእናንተ በፊት ጥሬ እህል ፈጭቶ ከሆነ መጀመሪያ የሚወጣውን ጥቂት ዱቄት ለይታችሁ ለዳቦ አውሉት። የቀረውን ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ አስቀምጡ። ለአንድ ወር ከሚበቃ በላይ አታዘጋጁ።

ለአንድ አዋቂ ቁርስ አምስት የሾርባ ማንኪያ፣ ማለትም 50 ግራም ያህል ይበቃል። አንድ ኪሎ ዱቄት 20 ቁርስ ይሆናል ማለት ነው፤ ዋጋውን ከእሽጉ ጋር ራሳችሁ አወዳድሩት። ዱቄቱ እንዳይጓጉል በመጀመሪያ በጥቂት ፈልቶ ለብ ባለ ውሃ ለውሱት፤ ከዚያ የፈላውን ውሃ እያፈሰሳችሁ አማስሉና ለአምስት ደቂቃ ክደኑት። ትንሽ ጨውና ዘይት፣ ወይም ተቆልቶ የተወቀጠ ኦቾሎኒ ቢጨመርበት ይጣፍጣል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ስኳርና ማር አይጨምርበት፤ መጠኑንም ከሐኪሙ ጋር ይመካከር። ወደ ሥራ የሚሄድ ሰው ዱቄቱን በደረቁ፣ ውሃውን በፔርሙስ ይያዝ እንጂ ጠዋት የበጠበጠውን ለከሰዓት አያቆይ።

የሕፃናት ነገር ግን ይለያል። ከስድስት ወር በታች ያለ ልጅ ምግቡ የእናት ጡት ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ላለውም የፈላ ውሃ ብቻውን አይበቃም። ዱቄቱ ከተቆላ በኋላ በወፍጮው ወይም በዕቃው ሊበከል ስለሚችል፣ እሳት ላይ ጥዳችሁ አሥር ደቂቃ ያህል አንተክትኩት። ገንፎው ማንኪያ ላይ የሚቆም ይሁን፤ ከማንኪያው ከፈሰሰ ቀጥኗል። አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ብቻ 40 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይጨምርለታል፤ ያቺ እናት በሙሉ ብርጭቆ ትሰጠው ከነበረው ጋር እኩል ማለት ነው። በጡጦ አትስጡት። ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር አይጨመርም፤ ቦቱሊዝም የተባለ አደገኛ መመረዝ ሊያስከትል ይችላል። ተሠርቶ ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየ ገንፎም አይሰጠው።

የቤቱ ዱቄት የሚጎድለውንም መናገር ይገባል። በፋብሪካ ምግብ ላይ የሚጨመሩት ብረትና ቫይታሚኖች በውስጡ የሉም። ስለዚህ ገንፎው ብቻውን አይበቃም፤ እንቁላል፣ ተቀቅሎ የተፈጨ ጎመንና ካሮት፣ ሲገኝም ሥጋ ወይም ጉበት ይታከልበት። ጡትም እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥል። የቆርቆሮውም ምግብ ቢሆን በመመሪያው ልክ ከተዘጋጀ ክፉ አይደለም። ክፉው አቅም ሳይፈቅድ ገዝቶ ማቅጠኑ ነው።

እኛ የጤና ባለሙያዎችም ራሳችንን እንመርምር። ካርድ ላይ «የተመጣጠነ ምግብ» ብለን ጽፈን መሸኘት ለእናቲቱ ምንም አይነግራትም። «ምን ይበላል?» ብለን ከጠየቅን በኋላ «ምን ያህል ይወፍራል? በቀን ስንቴ?» ብለን ማከል አለብን። በክትባት ቀን ለተሰበሰቡ እናቶች አንድ ድስት ገንፎ ሠርቶ ውፍረቱን በማንኪያ ማሳየት ከብዙ ንግግር ይበልጣል።

ያቺን እናት ቆርቆሮውን ጣይው አላልኳትም። በልኩ ሠርታ እንድትጨርሰው፣ እስከዚያው ግን ገብስና ሽምብራ እንድትቆላ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላም ልጁን ለሚዛን እንድታመጣው ነገርኳት። እናንተም እየበላ ክብደት የማይጨምር ልጅ ካላችሁ ዛሬውኑ የገንፎውን ውፍረት በማንኪያ እዩ፤ ልጁንም ሳትዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።